የጾም ድስት

አዲስ የሸክላ ድስት መጀመሪያ ውሃ ሲነካው ዝናብ የመታው ትቢያ ይሸታል። ዘንድሮ ሁዳዴ ሊገባ ሲል ከውጫሌ ገበያ አንድ ገዛሁ። ያ ሽታ ሲመጣብኝ የአባቴ ቤት ጣሪያ ትዝ አለኝ። ላጫውታችሁ።

አባቴ የወለጋ ኦሮሞ ነበር፤ ሃይማኖቱ የሉተር። እናቴ ደግሞ የአምባሰል ሰው፣ አራስ ካልሆነች በቀር ሁዳዴን የማትሽር። ስለዚህ ቤታችን ሁለት ድስት ነበረው፤ የጾምና የፍስክ።

አንድ ዓመት በሁዳዴው መካከል እናቴ ወለደች። ጣሪያችን በስብሶ ነበርና አባቴ ደቦ ጠራ። አሮጌው ሣር ወርዶ፣ አራሷ ከነሕፃኑ ሰማይ እያየች ተኝታ፣ ከተራራው በኩል ጥቁር ደመና መጣ። እኔ ጢሜ ገና ሲያቆጠቁጥ ነው፤ ሣር አቀብል ነበር።

እናቴ ተኝታለችና ለሠራተኛው በጾሙ ድስት ምስር የሠራው አባቴ ነው። የደቦው አበጋዝ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ።

«ይኼ ድስት ቅቤ ነክቶታል።»

ሁሉም አባቴን አየው። አልነካውም ቢል ያልፍ ነበር።

«ትናንት ለአራሷ ቅቤ አንጥሬበታለሁ። በአመድ አጥቤዋለሁ። በኛ አገር ድስት ድስት ነው።»

«ጸረ ማርያም! በጾማችን ልትጫወት ነው የጠራኸን?»

እስላሙ ጎረቤታችን፣ «ለኔ አቅርቡልኝ፤ ስለሁላችሁም እበላለሁ» አለ። የሳቀለት የለም። ማጭዳቸውን ሰብስበው ሊሄዱ ተነሡ። የመጀመሪያው ጠብታ ግንባሬ ላይ አረፈ።

ሕፃኑ አለቀሰ። እናቴ ከውስጥ፣ «ወንድሞቼ፣ ልጄን ዝናብ ይምታው?» አለች።

አበጋዙ ቆመ። ምራቁን እንትፍ አለ። «ሣር አቀብል አንተ!» ብሎ ጮኸብኝ። «በባዶ ሆዳችን እንከድናለን።»

አባቴም ወደ ጣሪያው ወጣ።

«አንተ ብላ እንጂ፤ ሉተርህ አልከለከለህም!» አለው አበጋዙ።

«እናንተ ሳትበሉ አልበላም።»

«እኔንም ጾመኛ አደረጋችሁኝ!» አለ እስላሙ። ያኔ ሳቁ።

ጉልላቱን ስናስር ዝናቡ ወረደ። ከአዲሱ ሣር ሥር ተጠጋግተን ቆምን።

በማግስቱ አበጋዙ እሳት ያልነካው ድስት ይዞ መጣ። «ይኼን ለኛ አስቀምጥ። ቅቤ ካስነካኸው ራስህ ላይ እሰብረዋለሁ።»

አባቴ እስኪሞት አላስነካውም። አልጾመምም።

እኔም እንደሱ ነኝ፤ አልጾምም። ያ ድስት ሲሰበር ግን ሌላ ተካሁ፣ ያም ሲሰበር ሌላ። ዛሬ መንደሩ ሁሉ ቆርቆሮ ነው፤ ለሣር ደቦ የሚጠራ የለም። አባቴም አበጋዙም አፈር ሆነዋል።

ልጄ፣ «አባባ፣ ይኼ ደግሞ ለማን ነው?» አለችኝ።

«ለጾመኛ።»

እስካሁን የመጣ የለም። ቅቤ ግን አልነካውም።