አራስ ቤት በዶሮ ማነቂያ

ለተሚካኤል ዘጠነኛዋን እንሽላሊት በዶሮ ላባ ጫፍ ውኃ እያስላሰች ሳለ በሩ ተደበደበ። ላባውን እንደያዘች ተነሣች።

አሥራ አንዱ ከእንቁላል የወጡት ትናንት ነው። ከክብሪት እንጨት አይበልጡም። እናትየው እንዳትበላቸው በሌላ ሳጥን ለይታ፣ በሻሽ ከድና፣ ባለ አርባ ሻማ አምፖል አንጠልጥላላቸዋለች። ቀለባቸው የበሰበሰ ሙዝ ልጣጭ ላይ የሚራቡ ደቃቃ ዝንቦች ናቸው።

ባለቤታቸው መምህር አጽብሐ ነው። አምስት ኪሎ እሷ በምታጸዳው ትምህርት ቤት ሳይንስ ያስተምር ነበር፤ በ1970 ጥር ላይ ከክፍል አውጥተው ወሰዱት። ዳይሬክተሩ እንሽላሊቶቹን ሽንት ቤት ድፊያቸው አላት። ባለቤት አላቸው ብላ ተሸክማቸው ወጣች። እንሽላሊት የነካው ወተት ይመርዛል ያለ ጎረቤት ከእሷ እሳት መዋስ ተወ። ይተው።

ደፉ ላይ ቆመች። የመጣው የቀበሌው የጽዳት ዘመቻ ኃላፊ እምሩ ነው፤ ለዶሮ ማነቂያ ሰፈር ገና አንድ ወሩ። ከኋላው ሁለት ሰዎች የዲዲቲ መርጫ አዝለዋል። በየቤቱ ትኋን ሊያጠፉ ነው። ዲዲቲው ዝንቦቹንም፣ በዝንቦቹ የሚያድሩትንም ይጨርሳል።

ዕቃ ይውጣ አለ። አይወጣም አለች። ዘመቻ ያደናቀፈ አብዮት እንዳደናቀፈ ይቆጠራል አለ። በዚያ ቃል ከዚሁ መንደር ተወስደው ያልተመለሱ አሉ። እሷ ግን ከደፉ አልወረደችም።

መድኃኒት የማይረጨው አራስ ያለችበት ቤት ብቻ መሆኑን ራሱ እምሩ በስብሰባ አንብቦታል።

«አራስ ቤት ነው» አለች።

«ማን ወለደ?»

«ግባና እይ። አሥራ አንድ ናቸው።»

በየደጃፉ ከቆሙት ሴቶች አንዷ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።

እምሩ አንድ እግሩን አንስቶ መለሰው፤ ውስጥ አራስ ትኑር አትኑር ሳይገባ አያውቅም። ቀኑ ሚያዝያ ሃያ ሁለት ነው። ነገ ጊዮርጊስ ይነግሣል፤ አራስ ቤት የገባ ደግሞ ሕፃኑ ክርስትና እስኪነሣ ቤተ ክርስቲያን አይገባም። በመጋቢት ሃያ ሦስት፣ ፊቱን በጋቢ ሸፍኖ ሲሳለም ለተሚካኤል አይታዋለች። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰፈሩን ሰብስቦ ታቦት ዳቦ አይሆንም ሲልም ሰምታዋለች።

«ምን ቸገረህ?» አለች፣ ሰፈሩ እንዲሰማ። «አንተ ካድሬ ነህ። የሚሳለም ሰው ይፍራ እንጂ።»

መርጫ ካዘሉት አንዱ ወደ ኋላ ሸሸ። ባለ መርጫው ነገ እሳለማለሁ አለ፤ አልደበቀም። እምሩ ሴቶቹን አየ። ደፉን አየ። ከዚያ ደብተሩን አውጥቶ «አራስ» ብሎ ጻፈና ወደሚቀጥለው በር ሄደ።

ለተሚካኤል በሩን ዘጋች። አሥረኛዋ ገና አልጠጣችም።

ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ አደጉ። መምህር አጽብሐ በ1974 ዓ.ም. ተፈቶ መጥቶ ተረከባቸው።