የአባቴ ኦኬ

ልጅ እያለሁ፣ ደሃና ወረዳ፣ እኛ ቤት አንዲት የፈረንጅ ቃል እንደ ቤተሰብ አብራን ትኖር ነበር። ኦኬ። አባቴ የሰቆጣው መንገድ ሲሠራ ድንጋይ ሊያቀርብ ሄዶ ከሠራተኞቹ አለቃ፣ ከካቦው አፍ የለቀማት ናት። ሥራው ሲያልቅ ለእናቴ ነጠላ፣ ለእኔ ከረሜላ፣ ለሰፈሩ ደግሞ ኦኬን ይዞ መጣ።

ታዲያ ያቺ ቃል አባቴ አፍ ውስጥ ያልሆነችው ነገር የለም። አህያዋን ጭኖ ሲጨርስ ጎኗን መታ መታ ያደርግና «ኦኬ!» ይላታል፤ ትሄዳለች። ሲያስቆማትም ያው ኦኬ ነው። ምኑን ከምን እንደምትለየው እንጃላት፣ ቀጥ ትላለች። እናቴ ደግሞ ስትናደድ አማርኛው ይጠፋትና በእናቷ ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ ነው የምታወርደው። እሱ ረጋ ብሎ «ኦኬ፣ ኦኬ» ሲላት ይብስባታል። ወድቄ ጉልበቴ ሲላጥ ግን ያንን አፈር አፈር የሚሸት እጁን ራሴ ላይ አሳርፎ በቀስታ «ኦኬ» ይለኛል፤ እውነቴን ነው፣ ሕመሙ ይለቀኝ ነበር። ጎረቤት በሬ ሲለምነው ኦኬ፣ ወንፈል ሲጠሩት ኦኬ። እናቴ «ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን እኔንም ኦኬ ብሎ ይሰጠኛል» እያለች ታማርር ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ቃሏን ሰሌዳው ላይ ጻፈና መቼ መቼ እንደምትባል ጠየቀን። እጄን አውጥቼ የአባቴን አንድ በአንድ ዘረዘርኩለት። አህያዋ ላይ ስደርስ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪው ግን ሳቁን ዋጥ አድርጎ «አንቺ ሰቆጣ ሄደሽ መቀጠል አለብሽ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሐሳቤ ሁሉ ሰቆጣ፣ አክስቴ ቤት ሆነ።

ፈተናውን ጨርሰን እቤት በዋልኩበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ሽማግሌዎች ደጃችን መጥተው ቆሙ። ግቡ ቢባሉ፣ ቁጭ በሉ ቢባሉ፣ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። እኛ አገር አልቀመጥ ያለ ሽማግሌ ምን ፈልጎ እንደመጣ ሕፃንም ያውቀዋል። በዚያ ላይ ሁሉም የአባቴ የወንፈል ጓደኞች ነበሩ። እኔን ለአንደኛው የወንድም ልጅ ሊጠይቁ ነው የመጡት።

ጓዳ ገብቼ ከገብሱ ጎታ ጀርባ ተሸጎጥኩ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። አባቴ እምቢ ሲል ሰምቼ አላውቅማ! ያቺ ቃል ከአፉ እስክትወጣ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ።

አልወጣችም። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና «ልጄ ተማሪ ናት። አልሰጥም» አለ።

የማይፈልግ ሰው እንኳ ለወጉ ቀጠሮ ይሰጣል እንጂ ሽማግሌን በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አይመልስም። ትልቁ ሽማግሌ ደንግጠው «ኧረ ተው፣ ቀጠሮ ስጠንና እንመለስ» አሉት።

«ቀጠሮም የለኝ። አታድክሙ እግራችሁን።»

እናቴ የያዘችው ቅል ከእጇ አምልጦ ተሰበረ። ጎንበስ ብላ ስብርባሪውን ለቀመች። ሰዎቹ እንደቆሙ ሄዱ።

መስከረም ላይ ድርቆሼንና ቆሎዬን አህያዋ ላይ ጭኖ እስከ መኪናው መንገድ ሸኘኝ። መኪናው ሲመጣ ምክር ይመክረኛል ብዬ ስጠብቅ፣ እጁን ራሴ ላይ አድርጎ «ኦኬ» ብቻ አለኝ።

ያን ዓመት ገብሱ ሲደርስ ለወንፈል አንድም ሰው እንዳልመጣለት የሰማሁት ከአክስቴ ነው። እሱና እናቴ ለብቻቸው አጭደው፣ ለብቻቸው ወቁት። ወይ አባቴ! ሰምቼ ትራሴ እስኪርስ አለቀስኩ።

ዛሬ ሰቆጣ ውስጥ እኔው ራሴ አስተማሪ ነኝ። ልጄ ከስልኳ ቀና ሳትል «ኦኬ» ትለኛለች፤ እሺም፣ ተይኝም፣ ሰምቻለሁም መሆኑ ነው። ደሜ ይፈላል። ከዚያ ደግሞ አባቴ ትዝ ይለኝና ሳቄ ይመጣል። ያኔ ቃሏ እጅ ነበራት፣ ራስ ትዳብስ ነበር።

ባለፈው ስንደዋወል ለዓመታት ስፈራ የኖርኩትን ጠየቅኩት። «አባ፣ ሽማግሌዎቹ የመጡ ቀን ያቺ ኦኬ የት ሄዳ ነው?»

ከወዲያ እናቴ ዶሮ ስታባርር ይሰማኛል።

«ለመንገድሽ አስቀምጫት ነበራ» አለኝ።