ግማሹ ሸራ

የኔነሽ ዱባለ ከቤቴል ሰፈር ብዙም በማይርቅ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ሥዕል ታስተምራለች። ታስተምራለች ይባል እንጂ ከተመደበላት ክፍለ ጊዜ ግማሹን የሚወስዱባት ሌሎች ናቸው። የሒሳብ መምህሩ ምዕራፍ ሲቀረው ይመጣል፤ የእንግሊዝኛዋ መምህርት ማጠናከሪያ ስትፈልግ ትመጣለች። የኔነሽ አትከራከርም። ጠዋት መምህራን ማረፊያ ስትገባ "ዛሬ ደግሞ ማነው የሚፈልገኝ?" ብላ ቀድማ ትጠይቃለች፤ ይስቃሉ፤ እሷም አብራ ትስቃለች።

በልጅነቷ ሠዓሊ መሆን ነበር ምኞቷ። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ተፈትና ሳታልፍ ቀረች፤ በዓመቱ መምህራን ኮሌጅ ገባች። ያን ያህል አልጎዳኝም ትላለች። ትዳር ከያዘችና ልጆች ከወለደች ወዲህ ግን ለራሷ ብላ ብሩሽ ያነሳችበት ቀን የለም። እጇ የሚሥለው ሰሌዳ ላይ ነው፤ ብርጭቆ፣ ጀበና፣ ከጎኑ ጥላ። ደወል ሲደወል በዳስተር ይጠፋል።

ሸራው የመጣው እንዲህ እየኖረች ሳለ ነው። ርዕሰ መምህሩ አቶ መኳንንት ከዓመት በፊት ትምህርት ቤቱን ለአንድ ፕሮግራም አስመዝግበው ረስተውት ኖሯል። ነገሩ የሰላምና የወዳጅነት ሥዕል ነው። የሁለት አገር ተማሪዎች አንድ ትልቅ ሸራ ይካፈላሉ፤ አንደኛው ወገን ግማሹን ሥሎ ይልካል፣ ሌላኛው የቀረውን ይጨርሳል። ለነሱ የደረሳቸው ጃፓን ውስጥ ከባሕር ጠረፍ ያለች ትንሽ ከተማ ትምህርት ቤት ነበር።

ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ጠረጴዛዎች ገጣጥመው ሸራውን ሲዘረጉት ሰባተኛ ክፍሎች ከበቡት። በግራው በኩል ባሕር አለ፤ ነጫጭ ጀልባዎች፣ ተዳፋት ላይ የተደረደሩ ቤቶች። ከባሕሩ ዳር ልጆች ተሰልፈው ቆመዋል፤ እጃቸውን ወደ ባዶው ግማሽ ያውለበልባሉ። በቀኝ በኩል ምንም የለም፤ ነጭ ሸራ ብቻ።

አቶ መኳንንት መነጽራቸውን አስተካክለው ተመለከቱት።

"ርግብ ይኑርበት፣" አሉ። "ከሥሯ ሁለት እጅ ሲጨባበጥ። መሐል ላይ ደግሞ የዓለም ካርታ።"

"ልጆቹን ላማክራቸው፣" አለች የኔነሽ።

ልጆቹ ሌላ ፈለጉ። ሁሉም የየቤተሰቡን የባህል ልብስ ለብሶ፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ ሲጨፍር ይሣል አሉ። የኔነሽም ደስ አላት። ቀለሙ ያምራል፣ ሁሉንም ያሳትፋል፣ አቶ መኳንንትም አይከፋቸውም። የቸኮለችው እዚያ ላይ እንደነበር በኋላ ነው የገባት።

ከክፍሉ ሁሉ እጃቸው የሚታዘዝላቸው ማራናታና ሶፊ ነበሩ። ማራናታ እዚያው ሰፈር ተወልዳ ያደገች ናት፤ እናቷ ሰርኬ ቤቴል አደባባይ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ አላት፣ እሑድ እሑድ እናትና ልጅ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ውስጥ ይዘምራሉ። ሶፊ የመጣችው ሦስተኛ ክፍል ሳለች ነው። ቤተሰቧ በግጭት ምክንያት ቤቱን ጥሎ የተሰደደ ነው፤ ስለዚያ ጉዳይ ትምህርት ቤት ውስጥ ስታወራ የሰማት የለም። ሁለቱ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው፣ ከአንድ ምሳ ዕቃ እየበሉ ነው ሰባተኛ ክፍል የደረሱት።

ጠቡ የተነሳው መሐል ላይ የማን ብሔረሰብ ልብስ ይሁን በሚል ነበር። መጀመሪያ እንደ ጨዋታ ነው የተከራከሩት። ከዚያ ሶፊ ብሩሹን ሳታስቀምጥ፣ ድምጿንም ሳትጨምር፣

"በቴሌቪዥን ጭፈራም ሁልጊዜ መሐል የምትቆሙት እናንተ ናችሁ፣" አለች።

ማራናታ "ካልተመቻችሁ ወደመጣችሁበት ሂዱ፣" አለቻት።

የኔነሽ ሸራው ላይ ጎንበስ ብላ ነበር፤ ቀና ስትል ማራናታ ራሷ የተናገረችው ነገር ያስደነገጣት መስላ ቆማለች። ሶፊ ብሩሿን ውኃው ውስጥ አጥባ፣ በጨርቅ አድርቃ ወጣች። በማግስቱ የተቀመጠችው ሌላ ዴስክ ላይ ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ የሶፊ እናት ገበያነሽ መጣች። ረጋ ያለች፣ ነጠላዋን አጣፍታ የለበሰች ሴት ናት። ቢሮ ግቢ ብትባል እዚሁ ይሻለኛል ብላ ኮሪደሩ ላይ ቆመች።

"ሶፊ ሥዕሉ ውስጥ እንድትኖር አልፈልግም፣ መምህርት። ያወጡልኝ እንደሆነ ብዬ ነው።"

"ልጆች ናቸው እኮ፣" አለች የኔነሽ። "አስታርቃቸዋለሁ። አይቀየሙ።"

"አልተቀየምንም፣" አለች ገበያነሽ። "ደክሞን ነው።"

የኔነሽ ይህን ቃል ይዛ ቤቷ ገባች። እራት ስታቀርብም፣ የልጆቿን ደብተር ስታይም አልለቀቃት አለ። ባሕር ማዶ ላሉ ልጆች ወዳጅነት እየሣልን አጠገባችን ያለችውን ልጅ ሂጂ አልናት፤ ይህን እንዴት አድርጌ ነው በቀለም የምሸፍነው እያለች ተብሰለሰለች። ያም ሆኖ በቀለም ለመሸፈን ሞከረች። በማግስቱ ማንም ሳይመጣ ቤተ መጻሕፍቱን ከፍታ፣ ነጭ ቀለም በጥብጣ፣ ልጆቹ የጀመሯቸውን ጨፋሪዎች በሙሉ ደመሰሰቻቸው። ጠብ ያመጣው ነገር ከፊታቸው ቢጠፋ ይሻላል ብላ ነው።

አልተሻለም። ልጆቹ ገብተው ነጩን ሲያዩ የሚያለቅስም ነበር። ለቀናት የደከሙበት ነዋ። ማራናታ "ቲቸር፣ ሳትጠይቂን?" አለቻት። ሶፊም ከጥግ ሆና የምታያት አስተያየት ያው የማራናታ ነበር። ሁለቱ ከተጣሉ ወዲህ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር በየኔነሽ ማዘናቸው ሆነ።

በዚያው ሳምንት ሰርኬ ሱቋን ዘግታ መጣች። ቁጭ በይ ብትባል መቀመጥ አቃታት።

"ያን ቃል ከማን ሰማሽው ብዬ ጠየቅኳት፣" አለች። "ዝም አለችኝ። ስጨቀጭቃት 'ከቤት' አለችኝ። እንግዳ ሲመጣ የምናወራውን ለካ ቁጭ ብላ ትሰማለች። እኔ እኮ አፌ ላይ አንድም ቀን እንዲህ ያለ ነገር…" ብላ አቋረጠችው። ከዚያ፣ "ብያለሁ መሰለኝ፣" አለች።

ሰርኬ በዚያው የገበያነሽን ቤት ጠይቃ ሄደች። ምን እንደተነጋገሩ የኔነሽ አልጠየቀችም። ሰርኬ የነገረቻት ገበያነሽ በር ከፍታ እንዳስገባቻት፣ ሻይ እንዳቀረበችላትና ብዙ እንዳልተናገረች ብቻ ነው።

የኔነሽ ሸራውን ለላከችላቸው ጃፓናዊት መምህርት መጻፍ እንዳለባት ተሰማት። ሸራው የሷ ተማሪዎችም ነው፤ መዘግየታቸውንም ማወቅ አለባት። በስልኳ መተርጎሚያ እየታገዘች፣ ልጆቻችን ተጣልተዋል፣ የሣሉትን እኔ ራሴ በነጭ ሸፍኜዋለሁ፣ ስለ ሰላም ለመሣል የምንበቃ አይመስለኝም ብላ ላከች።

መልሱ በማግስቱ መጣ። የኔነሽ ክፍል ውስጥ ቆማ ከፈተችው፣ አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው፣ ከዚያ ሳታስበው ሳቋ መጣ።

"ምን ትላለች ቲቸር?" አለ ፊት የተቀመጠው አዩብ።

ጮክ ብላ አነበበችላቸው። "'ስለ ነጩ ቀለም እናመሰግናለን። ሁለተኛው ድርብ ከመቀባቱ በፊት በደንብ ይድረቅ። ውኃ አታብዙ። በርቱ።'"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሶፊ አፏን በሹራቧ ሸፍና ስትስቅ የኔነሽ አየቻት። ሴትዮዋ መልእክቱ አልገባትም ወይስ ገብቷት ነው እንዲህ ያለችው፣ እስከ ዛሬ ማንም አያውቅም። ለየኔነሽ ግን ከትከሻዋ ላይ አንድ ሸክም ወረደላት።

"እሺ፣" አለች፤ "ደርቋል። ምን እናድርገው?"

ተያይዘው ቤተ መጻሕፍት ሄዱ። አንዱ ተራራ ይሣል አለ፣ ሌላው ርግብ። አዩብ ከነሱ ግማሽ ይልቅ የጃፓኖቹን እያየ ነበር። ጎንበስ ብሎ የተሰለፉትን ልጆች በጣቱ አንድ በአንድ ተከተላቸው።

"ቲቸር፣ እነዚህ እኮ የባህል ልብሳቸውን ኪሞኖ አልለበሱም፣" አለ። "ዩኒፎርም ነው የለበሱት። ይቺ ልጅ እንዲያውም ካልሲዋ ወርዷል።"

ሁሉም ተንጠራርተው አዩ። ሸራው ያን ሁሉ ጊዜ ፊታቸው ተዘርግቶ ከርሞ አንዳቸውም ልብ አላሉትም ነበር፤ የኔነሽም ጭምር። ልጆቹ የሣሉት ራሳቸውን ነው፣ አንድ የትምህርት ቀን ሲወጡ የሚመስሉትን።

"እኛስ?" አለች የኔነሽ።

"እኛማ ይኸው፣" አለ አዩብ የደበዘዘ ቡናማ ሹራቡን እየጎተተ።

እንዲህ ሆነ። የትምህርት ቤቱን በር ሣሉ፣ ከበሩ ፊት የሚቆመውን ሰማያዊ ሚኒባስ፣ ክረምቱ ያጨቀየውን መንገድ። ከበሩ ሲወጡ የሚጋፉትን ራሳቸውን ሣሉ። ግማሾቹ ወደ ባሕሩ ያውለበልባሉ፣ ግማሾቹ ታክሲ ይጠብቃሉ። መስተዋት ስላልነበራቸው አንዱ የሌላውን ፊት እንዲሥል የኔነሽ አዘዘች። ማራናታና ሶፊን ግን ሆን ብላ አላጣመረቻቸውም፤ ከዚያ ነጭ ቀለም ወዲህ የልጆቹን ነገር በራሷ እጅ መጨረስ ፈርታለች። ነፋሱ ከቆሼ ቆሻሻ መጣያ በኩል ሲመጣ መስኮት ይዘጋሉ፣ ሲመለስ ይከፍታሉ።

አንድ ቀን ማራናታን እየሣለ የነበረው ልጅ ተማረረ። ፀጉሯ አልሆን ብሎታል፤ ሹሩባው ከግንባሯ ተነስቶ በየት እንደሚዞር አልገባውም። ሶፊ ከማዶ ሆና ለጥቂት ጊዜ አየችው።

"እንደሱ አይደለም፤ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው፣" አለችና መጥታ ብሩሹን ከእጁ ወሰደች። ማራናታ ሳትንቀሳቀስ ተቀመጠች። ይቅርታ የጠየቀቻት ያኔ ነው፤ በጣም ቀስ ብላ ስለተናገረች የኔነሽ የሰማችው የመጨረሻውን ቃል ብቻ ነው። ሶፊ ሹሩባውን እስከ ጫፉ ሣለችው።

የኔነሽ ዓይኗን መለሰች። የምታደርገው ነገር ፈልጋ ብሩሽ አነሳችና ሰማዩን መቀባት ጀመረች። የጃፓኖቹ ሰማይ እንደ ሐምሌ ግራጫ ነበር፤ የነሱ ደግሞ የጥቅምት ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። መሐል ላይ እንዲገናኙ ሁለቱን ቀለም እያቀላቀለች፣ እየጠረገች፣ እንደገና እየቀባች፣ ደወል መደወሉን ሳትሰማ ቀረች። ልጆቹ አልጠሯትም።

አቶ መኳንንት መጥተው ሸራውን ከዳር እስከ ዳር አዩት።

"ሰላሙ የቱ ጋ ነው?" አሉ በመጨረሻ።

"አላውቅም አቶ መኳንንት፣" አለች የኔነሽ። "ልጆቹ ግን ሁሉም አሉ። አንድም የቀረ የለም።"

"ርግብስ?"

አዩብ ቆርቆሮው ላይ ያረፉትን አመዳማ ርግቦች አሳያቸው፤ ከሥራቸው ያለው ግድግዳ ላይ ኩሳቸው ሳይቀር ተሥሏል። አቶ መኳንንት ሳቃቸውን ሊይዙት ሞክረው አቃታቸው።

ሸራው ተጠቅልሎ ተላከ። ሽልማት አላመጣም። ከሁለት ወር በኋላ ፎቶ መጣ፤ ሸራው አንድ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ተሰቅሏል፣ ልጆች ከሥሩ ቆመው ሸራው ላይ አንድ ቦታ እያመለከቱ ይስቃሉ። በምን እንደሚስቁ የሰባተኛ ክፍሎች ለሳምንት ተከራከሩ።

ሶፊና ማራናታ እንደ ድሮው አንድ ዴስክ አልተመለሱም። ሰላም ይባባላሉ፤ አንዳንዴ ላጲስ ይዋዋሳሉ። ዓመቱ ሲያልቅ የሶፊ ቤተሰብ አስኮ በኩል ቤት አግኝቶ ለቀቀ፤ እሷም ትምህርት ቤት ቀየረች። የኔነሽ ነገሩ በዚሁ ያበቃ መስሏት ነበር።

በክረምቱ መጨረሻ ቤቴል የታክሲ ሰልፍ ላይ ከሰርኬ ጋር ተገናኙ። ሰርኬ ጥቅልል ጨርቅ ታቅፋለች። ስለ ሱቅ፣ ስለ ዝናቡ አወሩ።

"ማራናታ ቅዳሜ አስኮ እነ ሶፊ ቤት ውላ መጣች፣" አለች ሰርኬ ድንገት። "እኔ አልላክኋትም። አስፈቅዳኝ ነው የሄደችው። ስትመለስ ምን አወራችሁ ብላት፣ 'ብዙም አላወራንም፤ አብረን ልብስ አጠብን' አለችኝ።"

ሚኒባሱ መጣና፣ የሰርኬን ጥቅልል አንድ ጫፍ የኔነሽ ይዛላት፣ ተጋፍተው ገቡ።