መንግሥት የሚጥለው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊው ለስልከኛዋ ፍቅሩን ሊነግራት አፉን በከፈተ ቁጥር አገር ይናወጣል። ማጋነን አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ሆኗል።

መጀመሪያ የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ሳለ ነው። ሱቁ ከስልክ ቤቱ ፊት ለፊት ነበር፤ የሠራተኞቹንም የደንብ ልብስ የሚሰፋው እሱ ነው። አንድ ጠዋት ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ዘው ብሎ ገባና፣ «አንድ ነገር ልነግርሽ...» ከማለቱ የስልክ ሰሌዳው መብራቶች ሁሉ ባንዴ ቦግ አሉ። ንጉሡ ሞተው ኖሯል። እሷ ገመድ ከዚህ ነቅላ እዚያ እየሰካች፣ «ነገ ና!» አለችው። ነገማ የት ተገኝቶ! ለከተማው ሁሉ ጥቁር ልብስ ሲሰፋ ወር አለፈ፤ ወኔውም አብሮ አለፈ።

ሁለተኛው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። አዲስ ኮት ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ ሄደ። ገና «ይኸውልሽ...» ሲል ሰሌዳው እንደገና ተንቦገቦገ፤ ጦርነት ታወጀ። ኮቱን እንደለበሰ ወስደው፣ ጦር ሰፈር ውስጥ የወታደር ሱሪ ሲያሰፉት ሦስት ዓመት ኖረ።

ሲመለስ ዳግመኛ ላይነግራት ማለ፤ እሱ ዝም ካለ አገር ሰላም ይሆናል። እውነትም አሥራ ስድስት ዓመት ኮሽ ሳይል አለፈ። ምስጋናውን ማንም ባይሰጠው ለራሱ ሰጠ! በየዓመቱ የደንብ ልብሷን ሲለካ ትንፋሹን ይውጣል። ሆድ ካገር ይሰፋል ይባል የለ።

ምስጢሩን የምታውቀው ታላቅ እህቱ ግን አላስቀመጠችውም። «አንተ ማን ስለሆንክ ነው መንግሥት የሚወድቅልህ? ስማኝ፣ ሰሌዳው በአዲስ መሣሪያ ተተክቷል። ስልከኛዋ ዛሬ ተሰናብታ ነገ ወንድሟ ዘንድ ልትሄድ ነው። በኋላ እኔ ላይ እንዳታለቅስ።»

ሮጠ። ስልከኛዋ ከጠፋው ሰሌዳ ፊት ገመድ ትጠቀልላለች። አንድም መብራት የለም፤ ደስ አለው።

«እኔን... ብታገቢኝ...»

ከመንገድ የመኪና ጡሩምባ አስተጋባ። አንዱ እየሮጠ «ወደቀ! መንግሥት ወደቀ!» ይላል።

ልብስ ሰፊው በሁለት እጁ አፉን ያዘ። «ይኸው! አሥራ ስድስት ዓመት ዝም ያልኩት ይሄን ፈርቼ ነበር!»

«ምን አልክ?»

እየተንተባተበ ነገራት። ሳቀች፤ ወንበሩ አልበቃ ብሏት ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ድንገት ደግሞ ቱግ አለች።

«አንተ አገር ስትጠብቅ እኔን ማን ጠበቀኝ? ነገ ና ካልኩህ እኮ ሃያ ስምንት ዓመት ሆነ!»

ተነሥታ መስኮቱን ድርግም አደረገችው።

«ይውደቅ! አንተ የጀመርከውን ጨርስ።»

ጨረሰ።

አዲሱ መንግሥት ማን እንደሆነ የሰሙት በሦስተኛው ቀን፣ እህቱ ልትነግራቸው ስትመጣ ነው። ልብስ ሰፊው የሠርግ ልብሷን እየለካ ነበር። ልኳን ድሮውንም በቃሉ ያውቀዋል፤ ቢሆንም ለካት።