ከወደራ የመጡ ሰባት ቀይ አበቦች

እኔ ባደግኩበት በሰላሌ አበባ የሚባለው የመስከረም ነው። ቦረና አገር ነገሌ ስገባ ግን ቁጥሬ ሁሉ ተገለባበጠ። እዚያ መስከረም አቧራ ነው። አበባ ማየት የፈለገ ሰው እስከ መጋቢት መጨረሻ፣ አንዳንዴም ሁዳዴው እስኪገባደድ ድረስ፣ ሰማይ ሰማይ እያየ መጠበቅ አለበት። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ጊዜን የምቆጥረው በጾምና በዝናብ ነው። ብቻ የንጉሡ ዘመን ነበር፣ እኔም ገና ልጅ እግር ነበርኩ።

ዝናቡ ሲመጣ ታዲያ አበባው ሰው አያስጠብቅም። ቆርቆሮው ሲደበደብ ያመሻል፣ ጠዋት ቀዩ አፈር ይሸታል፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ትናንት የሞተ ከመሰለው መሬት አንድ ወፍራም አገዳ ቅጠል ሳይቀድመው ብቅ ይላል። ከአገዳው ጫፍ ላይ ቀይ ኳስ ይፈነዳል። እንደ ሕፃን ራስ ክብ ነው፤ ስፍር ቁጥር የሌለው ቀጭን ቀይ ክር ተሰብስቦ ወደ ሁሉም ጎን የቆመ፣ እያንዳንዱም ክር ጫፉ ላይ ቢጫ ዱቄት የነካው። ሥሩ ልክ ሽንኩርት ነው የሚመስለው፤ ግን አይበላም፣ ፍየልም ብትቀምሰው ታማለች። ስሙን የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የተለያየ ስም ስለነገረኝ ቀይ አበባ ብዬው ቀረሁ።

ባለቤቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። መንግሥት ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሲያዛውራቸው እኔም ድስቴን ተሸክሜ ስከተል፣ ኋላ ወደራም ተልተሌም ኖሬአለሁ። መጀመሪያ ያረፍነው ግን ነገሌ ነው። ቤታችን ከአንዲት የነጋዴ ሚስት ግቢ ጋር አጥር ለአጥር ነበር። ባላቸው ስኳር፣ ጨርቅና ፋኖስ የሚሸጡበት ሱቅ ነበራቸው፤ ከብትም ወደ ፊልቱ ያስነዱ ነበር። እነሱ እስላም፣ እኛ ክርስቲያን። ሥጋችን ይለያያል እንጂ ሻያችን አንድ ነበር። እኔ እሳቸውን እትዬ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው እኔን “ኢንተላ” ይሉኛል፣ በኦሮምኛ ልጅቷ እንደማለት። አማርኛው ሲያልቅባቸው በኦሮምኛ ይጨርሱታል፤ እኔም ግማሹን ሰምቼ ግማሹን ከፊታቸው አነብ ነበር።

እትዬ ከሱቁ ጀርባ፣ ከግድግዳው ሥር፣ በአንድ መስመር የተተከሉ ሰባት ቀይ አበቦች ነበሯቸው። ወደራ ከእናታቸው ደጅ ነቅለው፣ በኬሻ ጠቅልለው፣ ሙሽራ ሆነው ሲመጡ ይዘዋቸው የመጡ ናቸው። እናታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ የወደራው ቤትም ፈርሷል። ከእናታቸው የቀራቸው ያ መስመር ብቻ ነው። እናም ዝናቡ ገብቶ አበቦቹ ሲወጡ እትዬ በአጥሩ ላይ ይጣራሉ፦

“ኑ እናቴን እዩልኝ!”

በርጩማ ይወጣል። ሻይ በወተት፣ ሄል ገብቶበት፣ ይቀርባል። ከዚያ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ማየት ነው፤ ሌላ ሥራ የለም። በመጀመሪያው ዓመት ገርሞኝ ነበር። የኛ አገር ሰው አበባን ነቅሎ ከሣሩ ጋር ይጎዘጉዛል እንጂ ቁጭ ብሎ እንደ እንግዳ ያየዋል? ቀስ በቀስ ግን ለመድኩት። ጠዋት ጠዋት ቀዩ ደማቅ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ክሮቹ ውስጥ ብርሃን የገባ ይመስላል። አንዲት ምንቃረ ቀጭን ወፍ እየመጣች አንዱን ኳስ ትዞረዋለች፣ ወደ ቀጣዩ ትሄዳለች፣ ተራ አትስትም። ከሳምንት በኋላ ቀዩ ይደበዝዝና ብዙ ጊዜ የታጠበ ጨርቅ ይመስላል፤ ያን ጊዜ ቅጠሉ ይመጣል። እኔ የምወደው ሁለተኛውን ቀን ነው፣ ኳሱ ገና ግማሽ ሲከፈት። እትዬ ደግሞ “የመጨረሻው ይሻላል፣ ያኔ ብቻዬን ነው የምቀመጠው፣ ወሬኛ ሁሉ ይሄድልኛል” ይሉና እኔን በክርናቸው ይጎሽሙኛል።

በሦስተኛው ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ፊልቱ የተዳረችው ልጃቸው የመጀመሪያዋን ልትወልድ ደረሰች። እትዬ ሊያርሷት ሄዱ። ጭነት መኪናው ላይ እየወጡ እንዲህ አሉኝ፦

“ኢንተላ፣ እናቴን ላንቺ ትቻለሁ። ፍየል እንዳታስረግጪብኝ።”

“ግድ የለም እትዬ፣ እንደ ዓይኔ ነው የምጠብቃቸው።”

“እንደ ዓይንሽስ አታድርጊያቸው። ዓይንሽን ሁልጊዜ ታሺዋለሽ።”

መኪናው ላይ ያሉት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ አልገባኝም እንጂ።

ያ ዓመት ድርቁ የበረታ ነበር። ውኃ በአህያ ነው የሚመጣልን፤ አንዳንድ ቀን አህያዋም ባዶ በርሜል ይዛ ትመለሳለች። እኔ ታዲያ ያን መስመር በየቀኑ እየሄድኩ አየው ጀመር። መሬቱ ተሰነጣጥቋል፣ ምንም አይታይም። እኔ ባደግኩበት አገር የደረቀ ነገር ውኃ ይሰጠዋል፤ ሌላ አላውቅም። ማታ ማታ ፊታችንን የታጠብንበትን፣ እቃ ያለቀለቅኩበትን፣ አንዳንዴም ከምንጠጣው ቀንሼ በጣሳ እየወሰድኩ አጠጣቸው ጀመር። ባለቤቴ እጃቸውን ሊታጠቡ ጎንበስ ብለው “ይኼንንም ልትወስጂው ነው? እኔ ነኝ የምደርቀው ወይስ ሽንኩርቱ?” ይሉኝ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፣ እውነቴን ነው። መልካም እየሠራሁ መስሎኝ።

አንድ ቀን ወተት የምታመጣልን የቦረና ሴት ከእትዬ ግቢ ጣሳ ይዤ አገኘችኝ።

“አካም! ናጋ?” አለችኝ።

“ናጋ” አልኳት፣ ሰላም ነው ብዬ።

ጣሳውን አየች፣ እርጥቡን አፈር አየች። “ምን ታደርጊያለሽ?”

“አበባ አጠጣለሁ።”

“ይኼ ተኝቷል። የተኛ ሰው አፍ ውስጥ ውኃ ታፈሻለሽ?”

ወተቱን አስቀምጣ ቁጢጥ አለችና በጣቷ አፈሩን ገላለጠችው። ሽታው ቀድሞ መጣ። ሽንኩርቱን ስትጫነው ጣቷ ገባ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ስድስቱ እንደ ገንፎ ሆነዋል። ሰባተኛው ብቻ፣ ጥግ ላይ አሮጌ በርሜል ስለጋረደው ጣሳዬ አልደረሰውም ነበርና፣ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ተገኘ።

ማታ ለባለቤቴ ስነግራቸው መጀመሪያ “ይኼን ሁሉ ዓመት ክስ ስጽፍ፣ በማጠጣት የገደለ ሰው አልገጠመኝም” ብለው ሳቁ። ፊቴን ሲያዩ ግን ሳቁን ትተው “እንደመጡ ንገሪያቸው፣ በቃ” አሉኝ። እኔ ግን እትዬ ከመኪናው ወርደው ባዶውን መስመር ሲያዩት ታየኝ። እችለዋለሁ ብዬ አላሰብኩም።

መጋቢት መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። በሦስተኛው ቀን ወተት ሻጯ ወዳለችበት ሄጄ እንዲህ ያለ አበባ እንድታስገኝልኝ ለመንኳት። “ጫካው ሞልቶት የለም ወይ?” አለችና ከከተማው አውጥታ ወሰደችኝ። በእግራችን ብዙ ሄድን። ግራሮቹ ሥር፣ ከምስጥ ኩይሳው ጎን፣ ቀያይ አፍንጫቸውን ብቅ ያደረጉ ሞልተዋል። በእንጨት ቆፍረን ስድስት አወጣን፤ አፈራቸውን እንደያዙ በነጠላዬ አዝያቸው ተመለስኩ። ሰው ሁሉ ምሳ በልቶ ጋደም ባለበት ሰዓት ገብቼ በየጉድጓዳቸው ተከልኳቸው። አፈሩን በመዳፌ ደለደልኩት።

ምን ልበላችሁ፣ አንድም አልቀረ። ሰባቱም ወጡ። እንደዚያ ዓመት ያማሩበትን ጊዜ አላስታውስም። የሚያልፍ የሚያገድመው “እትዬ ባይኖሩም እናታቸው መጡ” ይላል። ወፏም መጥታ ተራ በተራ ዞረቻቸው፤ የወደራውን ከጫካው አልለየችም።

እትዬ አበቦቹ በወጡ በሁለተኛው ቀን ደረሱ። ልጃቸው ሴት ልጅ ወልዳለች። ዕቃቸው ሳይወርድ በቀጥታ ወደ ጓሮ ገቡና መስመሩ ፊት ቆመው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ በአረብኛም በኦሮምኛም ረጅም ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ዞረው አቀፉኝ። “ይኼ ሁሉ ድርቅ አልፎ! አንቺ ነሽ ያቆየሽልኝ። ልጅ ይስጥሽ!” አሉኝ። አሜን ማለት አቃተኝ። ሻዩ ቀረበ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ እያልኩ አራት ቀን አለፈ። በየቀኑ እየጠሩኝ በየቀኑ ተቀመጥኩ። አበቦቹን አየኋቸው፣ ግን ምንም አላየሁም።

በአምስተኛው ቀን እትዬ በርጩማቸው ላይ ሆነው እንዲህ አሉ፦

“ቅጠላቸው ሲደርቅ አንዱን ለልጅቷ እወስድላታለሁ። ፊልቱ ደጃቸው ላይ ይተከል። ሳታያት የሞተችውን ቅድመ አያቷን እዚያ ታግኛት።” በጣታቸው ከመሐል ያለውን አሳዩ። “ይኼን ትልቁን።”

ያ ትልቁ ከኩይሳው ጎን የነቀልኩት ነበር።

“እትዬ፣ እሱን አይውሰዱ” አልኩ።

“ለምን? ከሁሉ የሚያምረው እሱ ነው።”

“የእናትዎ አይደለም።”

ሳቁ። “የማን ነው ታዲያ፣ ያንቺ?”

“የጫካ ነው።”

ሳቃቸው ቆመ። ጣሳውን፣ ውኃውን፣ ሽታውን፣ ጫካውን ሁሉንም ነገርኳቸው። ስናገር ፊታቸውን አላየሁም፤ የሻይ ብርጭቆዬን ነው ያየሁት።

“ስንቱ?” አሉ።

“ስድስቱ።”

“የቀረውስ?”

በርሜሉ ጎን ያለውን፣ ከሁሉ ትንሹን፣ አሳየኋቸው።

“የውኃውን ጥፋት እንኳ ልተውልሽ” አሉ። “የደጋ ሰው ነሽ፣ አታውቂም። ግን እዚህ ቁጭ ብለሽ፣ ሻዬን እየጠጣሽ፣ እኔ ለስድስት የጫካ አበባ እናቴ እያልኩ ስመርቅ ዝም ብለሽ አየሽኝ። ይኼንን ምን ላድርገው?”

ብርጭቆውን ከእጄ ወስደው ገቡ።

ከዚያ በኋላ በአጥሩ ላይ የጠራኝ የለም። ጠዋት “እንዴት አደሩ?” እላለሁ፤ “ናጋ” ይላሉ፣ ያ ብቻ ነው። ስድብ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ባለቤቴ “አማላጅ ልላክ?” ቢሉ እንቢ አልኩ። ያጠፋሁት እኔ፣ የማውቀውም እኔ። በየቀኑ ሰላምታዬን እያልኩ ወሩ፣ ሁለተኛውም ወር አለፈ።

ሐምሌ ላይ ቅጠሎቹ ቢጫ ሆነው መሬት ላይ ተኙ። አንድ ጠዋት ድምፃቸውን ሰማሁ።

“ኢንተላ! ነይ፣ ኬሻ ያዢልኝ።”

እንዴት እንደ ሮጥኩ! አጥሩ ቀሚሴን ቀደደው። እትዬ በርሜሉን አንከባልለው ተንበርክከው ነበር። አፈሩን በእጃቸው እየጫሩ ትንሹን ሽንኩርት ሲያወጡት አየሁና አልቻልኩም።

“እትዬ፣ እሱን ከላኩት ለእርስዎ ምን ይቀርዎታል? ከስድስቱ አንዱን ይላኩላት። ልጅቷ በምን ታውቃለች?”

ቀና ብለው አዩኝ። “አንቺ አሁንም አልተማርሽም” አሉ፣ ግን በቁጣ አይደለም። አፈሩን ከሽንኩርቱ ላይ በአውራ ጣታቸው እየጠረጉ ቆዩ። “እኔ እናቴን ጠግቤ አይቻታለሁ። ልጅቷ ናት ያላየቻት።”

ኬሻውን ዘረጋሁላቸው። ጠቅልለው አሰሩት።

“እነዚህንስ?” አልኩ፣ ወደ ስድስቱ እያሳየሁ። “ይነቀሉ?”

“እነሱ ምን አጠፉ? ተያቸው።”

የዚያኑ ሳምንት በከብት ነጋዴዎች መኪና ላይ፣ ኬሻውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ወደ ፊልቱ ሄዱ። ሲመለሱ ከደጁ በስተምሥራቅ፣ ጥላ ባለበት፣ ራሳቸው እንደተከሉት ነገሩኝ። ልጅቷ እንደሆነ ገና በደረቷ እየሳበች አፈሩን ልትበላው ነበር አሉ።

በሚቀጥለው ዓመት ዝናቡ ቀደም ብሎ ገባ። ስድስቱ በአንድ ጠዋት ወጡ። እኔ ከቤቴ በአጥሩ ቀዳዳ ቀዩን አየሁት፤ ግን ካልተጠራሁ አልሄድም ብዬ ድስቴን መፈተግ ቀጠልኩ። ጎረቤቱ አንድ በአንድ ሲገባ ይሰማኛል። እትዬ እንደ ድሮው እናቴን እዩልኝ አላሉም። “ኑ፣ አበባ ወጥቷል” ነበር ያሉት፣ ለሁሉም።

ሰው ሁሉ ሲወጣ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

“ወሬኞቹ ሄደዋል” አሉኝ።

እጄን በቀሚሴ እየጠረግኩ ሄድኩ። ሁለት በርጩማ ወጥቶ ነበር። በእግራቸው አንደኛውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉትና “ተቀመጪ” አሉኝ።