ያልታወቀ በቅሎ ነጂ

ዛሬ ሥራ ቦታ ወንድሜን ሙሉቀንን «ያልታወቀ በቅሎ ነጂ» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁት።

ደባርቅ ውስጥ የአንድ አስጎብኚ ድርጅት ፎቶዎችን ኮምፒውተር ላይ አደራጃለሁ። የተነሡበትን ቀን፣ ቦታና የሰዎቹን ስም አርማለሁ።

ሙሉቀን ሰሜን ተራሮች ውስጥ፣ ጨነቅ የሚባለው ካምፕ ላይ በቅሎ ይዞ ይስቃል። ኮምፒውተሩ ፎቶው ከተነሣ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል ይላል። የለበሰውን ቡኒ ሹራብ ግን እማዬ የሠራችለት በሞተበት ዓመት ነው፤ የዛሬ ሦስት ዓመት።

ካሜራው የአንድ ጡረተኛ ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ ነበር። ደወልኩላቸው።

«ጋሼ፣ የካሜራውን ቀን በማን አቆጣጠር ሞሉት?»

«በማን ልሙላው ልጄ? በእኛ ነዋ!»

እውነታቸውን ነው። ጨነቅ ላይ ማን በፈረንጅ ይቆጥራል?

ኮምፒውተሩ በፈረንጅ ያነበበውን 12/3 በእኛ አነበብኩት። ኅዳር ዐሥራ ሁለት፣ ኅዳር ሚካኤል። ዓመቱም ልክ ሆነ። ሙሉቀን ገደል የገባበት ቀን ነው።

አስከሬኑን አላገኘንም። ከቤት የወጣው ከእማዬ ጋር ተኳርፎ፣ ሹራቡን ጠቅልሎ ይዞ ነበር። «አኩርፎኝ የሠራሁለትን አይለብስም፤ ልጄ እንደበረደው ነው የሄደ» እያለች ስታለቅስ ኖራለች።

ደወልኩላትና ስለ ፎቶው ነገርኳት። «እማዬ፣ ሹራብሽን ለብሶታል።»

«ቁልፉንስ ቆልፎታል?» አለችኝ።

ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። እስከ አንገቱ ቆልፎታል።

«ያልታወቀ» የሚለውን አጥፍቼ ስሙን ጻፍኩ። እናንተስ፣ ሰው ካለፈ በኋላ ፎቶው የነገራችሁ ነገር አለ? ጻፉልኝ፤ ዛሬ ብቻዬን መሆን አልቻልኩም።