ከባቄላው የቀደመው ምርቃት

ዘንድሮ ጥቅምት ሲገባ፣ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ አንድ እፍኝ ባቄላ ጠየቀችኝ። ክፍላቸው አለቃ ሊመርጥ ነው፤ ድምፅ የሚሰጡትም በባቄላ ነው። ጆንያውን ስፈታ የደረቀው ባቄላ ሽታ ከነአቧራው አፍንጫዬ ገባና፣ እዚሁ ሰቆጣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የተሸነፍኩበት ምርጫ ትዝ ብሎኝ ብቻዬን ሳቅሁ።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ ከጋዝጊብላ የመጣች፣ ከኽምጣጛ በቀር ሌላ ቋንቋ የማትሰማ ሴት ነበረች። ከወላጆች ስብሰባ ግን ቀርታ አታውቅም፤ ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ትቀመጥና ሰው ሲስቅ ትስቃለች፣ ሰው ሲያጨበጭብ ታጨበጭባለች። አንድ ጊዜ የእኔ ውጤት ማሽቆልቆሉ ሲነገር ብቻዋን አጨበጨበች። የክፍል አለቃ ሆኜ ስብሰባው በኽምጣጛም እንዲነገር ለማድረግ የቆረጥኩት ያን ቀን ነው።

ተወዳዳሪዬ ከድር ነበር፤ የጨርቅ ነጋዴው ልጅ፣ ምላሱ የማይደናቀፍ። የሥነ ዜጋ መምህራችን ዴሞክራሲን ለወላጆችም ላሳይ ብለው ምርጫውን በስብሰባው ቀን አደረጉት፤ ከመጋረጃ ጀርባም እኛ ተማሪዎቹ ባቄላ የምንጥልባቸው ሁለት ጣሳ አስቀመጡ፣ ትልቁ የከድር፣ ትንሹ የእኔ። እኛ አገር ግን ያለ ምርቃት ስብሰባ አይጀመርም። የደብራችን ቄስ አባ ገብሬ ተነሡና፣ ወንበር ያቀበላቸውን ከድርን እጁን ይዘው «ቃልህ ይሰማ! ሹመትህ ይጽና!» ብለው መረቁት። ቤቱ በሙሉ «አሜን!» አለ፤ እናቴም፣ እኔም።

«አባ፣ ገና አልተመረጠም እኮ!» አሉ መምህራችን ደንግጠው።

«ታዲያ አሜን ካላችሁ በኋላ ልትመልሱት ነው?» አሉ አባ ገብሬ።

አሜን ያለ ሰው እንዴት ሌላ ይመርጣል? አንድ በአንድ ከመጋረጃው ጀርባ ገባን፤ ትልቁ ጣሳ ዷ፣ ዷ ይላል፤ የእኔም ባቄላ እዚያው ወደቀ። የጣሳዎቹ ድምፅ ስለሚለያይ ምስጢር የሚባል ነገር አልነበረም። በመጨረሻ ከድር ሲገባ ትንሹ ጣሳ ቂው አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«አንተ፣ ራስህን ከዳህ?» አሉት ልጆቹ።

«እኔን ምርቃቱ ይበቃኛል፤ ባቄላውን ለእሷ ሰጠሁ» አለ።

አለቃ ሆኖ የመጀመሪያ ሥራው እኔን መጥራት ሆነ። «ነይ አስተርጉሚ፤ እናትሽ ዛሬ የምታጨበጭብበትን ትወቅ» አለኝ። መምህራችን ስለ እኔ ተናገሩ፤ ጎበዝ ናት፣ በሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ ግን ታንቀላፋለች አሉ። ሳላጎድል ተረጎምኩ። እናቴ አላጨበጨበችም። ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን አውጥታ በኽምጣጛ ጠየቀች። ግማሹ ሰው ወዲያው ሳቀ፤ ግማሹ እኔ «ትምህርቱ ያስተኛል ወይ?» ብዬ እስክተረጉም ጠብቆ ሳቀ። መምህራችን ከሁሉ በኋላ፣ ከሁሉም አብልጠው ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ሳትናገር የተበተነ ስብሰባ አልነበረም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ዛሬ እሷም አባ ገብሬም የሉም። ልጄ አስተርጓሚ አያስፈልጋትም፣ አማርኛዋ እንደ ውኃ ይፈስሳል። ኽምጣጛን ግን ከእኔ የምትሰማው ስቆጣ ብቻ ነው።

ልጄ ባቄላ በጠየቀችኝ ማግስት ጠዋት፣ ባቄላውን በጨርቅ ቋጥሬ አጠገቧ ተቀመጥኩና፣ እናቴ እኔን ትቀሰቅስበት በነበረው ኽምጣጛ ቀስ ብዬ ቀሰቀስኳት። ብርድ ልብሷን ገፍፋ ተነሣች።

«እማ፣ ምን አጠፋሁ?» አለችኝ።